ታብሌት ስትገዙ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ አምስት ሆነን የምንሠራባት ትንሽ የአርክቴክቸር ቢሮ አለችን። ባለፈው ወር ሁለት ወጣት አርክቴክቶች መጡ። የራሳቸውን ቢሮ ሊከፍቱ ነው። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ «ለሳይት፣ ለግንባታው ቦታ ማለት ነው፣ የሚሆን ታብሌት የትኛውን እንግዛ?» ቡናው እስኪቀርብ መልሼ የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። በረካው ተጠጥቶም ወሬው አላለቀም። ሲወጡ አንደኛዋ ልጅ «ጋሼ፣ ይህንን ጋዜጣ ላይ ለምን አይጽፉትም? ስንቱ ነው እንደኛ ግራ የሚጋባው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ገንዘብ ከፍለን የተማርነውን ሌላው እንደገና ሊከፍልበት አይገባም። ቦታ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ታብሌት ለምን እንዳስፈለገን ልናገር። በወረቀት ፕላን ስንት ሕንፃ ቆሟል። እኔም ለዓመታት የፕላን መያዣ ቱቦ በትከሻዬ አንጠልጥዬ ነው ሳይት የወጣሁት። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ደረጃ ነው።

ሽምብጥ አካባቢ የአንዲት እናት ቤት እንሠራ ነበር። ጂ ፕላስ ዋን ናት። ገንዘቡን ያጠራቀሙት በብዙ ዓመት ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃው ዝቅ ዝቅ ያለ እንዲሆንላቸው ለመኑን። ቢሮ ገብተን አስተካከልን። ከወለል ወለል 3.15 ሜትር ነው። በ17.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 18 የነበረው እርከን፣ ወደ 15 ሲወርድ 21 ሆነ። ደረጃው ረዘመ፣ ማረፊያውም ቦታ ቀየረ። አዲሱ ፕላን ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀመጠ። አሮጌው ደግሞ ፎርማናችን ኪስ ውስጥ ነበር፤ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ ሲሚንቶ ነክቶት።

ሰኞ ጠዋት ሳይት ስደርስ ፎርማኑ ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ። «ኢንጂነር፣ ደረጃችን ቆንጆ ወጥቷል» አሉኝ። ቅዳሜ አርማታ ሞልተው ነበር። ቆጠርኩት። 18 ነው። ደግሜ ቆጠርኩት። አሁንም 18 ነው።

ተሰበረ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ መዶሻው ሲወርድ ቆመው አዩ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። ወጪውን ቢሮው ቻለ። ጥፋቱ የፎርማኑ አልነበረም። እሳቸው የሠሩት በሰጠናቸው ወረቀት ነው። አዲሱን ያላደረስነው እኛ ነን። ስለዚህ ለእኛ ታብሌት ማለት የመጨረሻው ፕላን አርማታ ከመሞላቱ በፊት ሳይት የሚደርስበት መንገድ ነው። ይህንን የማይሠራ ታብሌት ምንም ያህል ቢያምር አይጠቅመንም።

ቸኩለን ሁለት ገዛን። ሱቁን አልጠራም፤ የገዛሁትም እኔ ነኝ። ሻጩ ባሕር ውስጥ ስለሚዋኙ ዓሣዎች የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተልን። የዓሣው ቅርፊት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስለ ማኅደረ ትውስታው፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ድምፁ ነገረን። እኛም በዚያው ወደድነው።

ሚያዝያ ነበር። በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። የሰው ጥላ እግሩ ስር ይገባል። 6 ሰዓት ላይ ሶሌታው (የአርማታው ወለል) ላይ ወጥተን ታብሌቱን ከፈትነው። ያየሁት የራሴን ፊት ነው። ከፊቴ ጀርባ ደግሞ ሰማዩን። ፕላኑ የለም። ብርሃኑን እስከ ጫፍ ጨመርነው፤ ግራጫ መስመር እንደ ሸረሪት ድር ብቅ አለ። ፎርማኑ ጃኬታቸውን አወለቁና ከእኔና ከታብሌቱ ላይ ጣሉልን። ሁለታችን ጃኬት ስር ገብተን፣ ላባችን ስክሪኑ ላይ እየተንጠባጠበ፣ የአንድ ኮለን (ምሰሶ) ቁጥር ስንፈልግ ቆየን። ከዚያ ታብሌቱን ፌሮ ላይ አስቀምጬ ሜትር ይዤ ዞር አልኩ። ስመለስ ሙቀት በዝቶበታል የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ተዘግቷል።

የስክሪን ብርሃን የሚለካው በኒትስ ነው። ተራው ታብሌት ከ400 እስከ 500 ኒትስ ገደማ አለው። ቢሮ ውስጥ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ቀጥታ ፀሐይ ግን ወደ 100,000 ሉክስ (የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው) ይደርሳል። መስታወቱ ከዚያ ጥቂቷን ብቻ ቢመልስ እንኳ ምስሉ ይዋጣል። ለሳይት ተብለው ከሚሠሩት አንዱ የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ አክቲቭ5 600 ኒትስ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የወጣው አይፓድ ፕሮ እስከ 1,000 ይደርሳል። ዋጋው ግን ለእንደኛ ዓይነት ቢሮ ከባድ ነው። የማያንጸባርቅ ልባጭ መለጠፍም በጣም ይረዳል፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚለውጠው ነገር ብዙ ነው። ደግሞ ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር የምታደርጉ ካላችሁ፣ ስክሪኑ በአንድ ጎኑ ሲዞር ጥቁር ሊሆንባችሁ ይችላል። አንዱ ባልደረባችን ታብሌቱ ተበላሸ ብሎ ግማሽ ቀን የተጨነቀው በዚህ ነው።

ስለ ሙቀቱም የአምራቾቹን ወረቀት አንብቡ። ለምሳሌ አይፓድ በሥራ ላይ የአካባቢው ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ድረስ እንዲሆን ነው አምራቹ የሚመክረው። የባሕር ዳር አየር ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ፀሐይ የመታው ፌሮና የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። እኛ አሁን ታብሌቱን ነጭ ጨርቅ ቦርሳ ውስጥ እናስቀምጣለን። ጥቁር ከቨር ለሳይት አንገዛም።

ለልጆቹም ያልኳቸው ይህንን ነው። የራሳችሁን ፕላን በፍላሽ ያዙ። ሱቅ ግቡ፣ ፕላኑን ታብሌቱ ላይ ጫኑ፣ ከዚያ በእኩለ ቀን በሩ ላይ ይዛችሁ ውጡ። የእርከኑን ቁጥር ማንበብ ካልቻላችሁ መልሱለት። «ማውጣት አይቻልም» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ክረምቱ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረን። ዘጌ ላይ አንድ አሮጌ የእንግዳ ማረፊያ ለመለካት በጀልባ ሄድን። በጀልባው ላይ ፊታችንን የሚረጭ ሞገድ፣ ዘጌ ስንወርድ ደግሞ ከቡናው ዛፍ ላይ የሚንጠባጠብ ዝናብ። ታብሌቱን ፌስታል ውስጥ ከተትነው። ከፌስታል ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ሦስት አራት ጠብታ ወረደበት፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚነካው አልታወቀም። ራሱ ያሳድጋል፣ ራሱ ያሳንሳል፣ ራሱ ገጽ ይገለብጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስክሪኑ የጣትን ኤሌክትሪካዊ ንክኪ ነው የሚያውቀው። የውሃ ጠብታም ለእሱ ጣት ሊመስል ይችላል። የዚያን ቀን ልኬቱን የያዝነው በእርሳስ፣ በደረቅ ካርቶን ጀርባ ላይ ነው።

አሁን አይፒ68 የሚል ምልክት የሌለውን ለሳይት አንገዛም። የመጀመሪያዋ 6 አቧራ ጨርሶ አይገባም ማለት ናት። ሁለተኛዋ 8 ውሃ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ቢገባ ይችላል ማለት ናት። በጋ ላይ የብሎኬት መቁረጫው አቧራ፣ ክረምት ላይ ዝናቡ፤ ሁለቱም ይጎበኙናል። ታብ አክቲቮቹ ይህ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የወጡት የጋላክሲ ታብ ኤስ9 ታብሌቶችም አላቸው። ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚመጣው ብዕር ለመጻፍ ቻርጅ አይፈልግም፤ ስክሪኑ እርጥብ ሲሆንም ከጣት በተሻለ ይታዘዛል። ለአርክቴክት ብዕር ጌጥ አይደለም። ፕላን ላይ በቀይ ክብ አድርጎ «ይህች መስኮት 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ» ብሎ መጻፍ ከአንድ ገጽ ደብዳቤ ይበልጣል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው ልምጣ። ስለ ቦታ መለያው ማለቴ ነው።

አይፓድ ሲገዛ ሁለት ዓይነት ነው። ሲም የሚወስደው ጂፒኤስ አለው። በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው የለውም። ሌሎች አምራቾችም ጋ በዋይፋይ ብቻ የሚሠሩ አንዳንድ ታብሌቶች ጂፒኤስ የላቸውም። ዋጋቸው ስለሚቀንስ ሻጭ ይህንን ሳይነግር ያልፋል። ከተማ ውስጥ በአካባቢው ዋይፋይ እየተመራ ቦታውን የሚያውቅ ይመስላል። ከከተማ ወጣ ስትሉ ግን ዝም ይላል። እኛ ይህንን ያወቅነው ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር አንድ የሎጅ ቦታ ላይ ቆመን ነው።

ያንን አስተካክለን፣ ጂፒኤስ ያለው ይዘን ወደዚያው ቦታ ተመለስን። የመሬቱ ጥግ ላይ፣ ችካሉ አጠገብ ቆምኩና ታብሌቱ የሰጠኝን ቁጥር መዘገብኩ። ቢሮ ገብቼ በቀያሽ የተሠራው ካርታ ላይ አስገባሁት። ነጥቡ ሐይቁ ውስጥ ወደቀ! ወደ ሰሜን 200 ሜትር ያህል፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 90 ሜትር ያህል ሄዷል። ደነገጥኩ። የባለንብረቱ ካርታ የተሳሳተ መሰለኝ። ደውዬ ላስደነግጣቸውም ስልኬን አንስቼ ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው፣ አንድ ቀያሽ ወዳጄ ደረሰልኝ።

ካርታውም ትክክል ነው፣ ታብሌቱም ትክክል ነው። የሚናገሩት ቋንቋ ነው የተለያየው። በአገራችን ብዙ ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው። ስሙን ያገኘው በናይል ዳር፣ ኑቢያ ውስጥ ከነበረ የልኬት ቦታ ነው። ታብሌትና ስልክ ደግሞ የሚያነቡት ደብሊውጂኤስ84 በሚባለው ነው። ሁለቱም አካባቢያችንን በካርታ አከፋፈል ዞን 37 ይላሉ፤ ቁጥሮቹም ይመሳሰላሉ። የማያውቅ ሰው ያለ ጥርጥር ያቀላቅላቸዋል። እኔ 15 ዓመት ሠርቼ አቀላቅያለሁ። ስለዚህ ታብሌት ላይ የምትጭኑት መተግበሪያ አዲንዳንን መምረጥ የሚያስችል መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። በተለይ ሐይቅ ዳር የምትሠሩ፣ ከውሃው ምን ያህል እንደራቃችሁ ተጠያቂ ስለሆናችሁ፣ ይህችን አትለፏት።

ተስተካክሎም ቢሆን የታብሌት ጂፒኤስ ጥቂት ሜትሮችን ይሳሳታል። ቦታውን ለማግኘት፣ ፎቶ የተነሣበትን ለማስታወስ ይበቃል። ወሰን ግን በታብሌት አይለካም። ለወሰን ቀያሽ ይጠራ፣ ቶታል ስቴሽኑን (የቅየሳ መሣሪያውን) ይትከል። በሦስት ሜትር ስህተት ጎረቤትና ጎረቤት ስንት ዓመት ይካሰሳል።

ሌዘር ስካነር ያለውን ስለመግዛትም ልጆቹ ጠይቀውኝ ነበር። አይፓድ ፕሮ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አለው። ክፍልን በደቂቃዎች ውስጥ ይስላል፣ ያስደንቃል። የሚደርሰው ግን እስከ 5 ሜትር ነው። ለአንድ ሳሎን ጥሩ ነው፤ ለአዳራሽ ጣሪያ አይደርስም። እኔ በዚያ ገንዘብ ተራ ታብሌትና በብሉቱዝ የሚገናኝ የእጅ ሌዘር ሜትር ብትገዙ እላለሁ። ሌካም ቦሽም ይሠሩታል። ሚሊ ሜትር ድረስ ይነግራችኋል፣ ቁጥሩም ቀጥታ ታብሌቱ ላይ ይጻፋል።

ስለ መጠን ብዙ ሰው በስሜት ነው የሚመርጠው። እኛ አስልተነዋል። ፕላን የምናትምበት ኤ1 ወረቀት ወርዱ 841 ሚሊ ሜትር ነው። የ11 ኢንች ታብሌት ስክሪን ወርዱ 240 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ፕላኑ ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ያንሳል። ወረቀት ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር የነበረ ፊደል ስክሪን ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የማንም ዓይን አያነበውም። 13 ኢንች ቢገዛም ችግሩ ያው ነው፤ ክብደቱ ብቻ ይጨምራል፣ መሰላል ላይ ሲወጣ በአንድ እጅ አይያዝም። መፍትሔው ፕላኑን መቀየር ነበር። አሁን ለሳይት የሚሄደውን ሁሉ በኤ3 ከፋፍለን፣ ፊደሉን አሳድገን እናዘጋጃለን። ደረጃው ለብቻው ገጽ፣ መጸዳጃ ቤቱ ለብቻው ገጽ። ይህንን ካደረግን በኋላ ፎርማናችን በ8 ኢንቿ ያነባሉ፤ ጃኬታቸው ኪስ ውስጥም ትገባለች። እኛ ቢሮ ያለነው 11 ኢንቹን እንይዛለን።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። ሬቪት የሚባለው የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ሳይት ላይ ሬቪት የሚከፍት ሰው ደግሞ አላየሁም። ሌላው የንድፍ ፕሮግራም አውቶካድ ለታብሌት የተሠራ አለው፤ ፒዲኤፍ ግን ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ዋናው ነገር ፋይሉ ታብሌቱ ውስጥ መኖሩ ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ፕላናቸውን ኔት ላይ ብቻ ያስቀመጡ ባልደረቦቻችን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እኛ ጠዋት ጠዋት ከቢሮ ኮምፒውተር በገመድ እንጭናለን። አንድ ፎልደር ብቻ አለ። አሮጌው ፕላን ይሰረዛል፤ ሁለት እትም አብረው አያድሩም። የደረጃው ነገር እንዳይደገም ይህች ሥርዓት ከታብሌቱ ዋጋ ትበልጣለች።

ገንዘቡ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው አሠራር ከመቀየሩ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። ከዚያ በኋላ 100 ብርን አልፏል። ታብሌት ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ያገለገለ የሚገዛ ብዙ ነው፤ እኔም አልከለክልም። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ውስጡ ያለውን ሁሉ ሰርዞ እንደ አዲስ ያስነሣው። ታብሌቱ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ከጠየቀ አትግዙት፤ ተቆልፎ የሚቀር መስታወት ነው የሚሆንባችሁ። ባትሪው የሚወጣ ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ። ታብ አክቲቮቹ በእጅ ተከፍቶ ባትሪው ይቀየራል። መብራት ሲጠፋ አንድ ትርፍ ባትሪ ኪስ ውስጥ መያዝ ትልቅ ነገር ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ባትሪው ሲደክምም ባትሪውን ብቻ ትገዛላችሁ፤ ታብሌቱን አትጥሉም። ዕቃ የምታስገቡ ነጋዴዎች ይህንን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ ከታብሌቱ ጋር ትርፍ ባትሪውንም አስገቡልን። እኛ እስካሁን ከአዲስ አበባ በሰው ነው የምናስመጣው።

ለከተማችን የግንባታ ክትትል ባለሙያዎችም አንድ ልመና አለኝ። ታብሌት ላይ በብዕር የተጻፈ ማስተካከያ፣ ቀንና ፊርማ ካለበት፣ እንደ ሳይት ቡክ (የግንባታው መዝገብ) ጽሑፍ ቢቆጠርልን። አሁን ሁለት ጊዜ ነው የምንጽፈው። አንዴ ታብሌቱ ላይ፣ አንዴ ወረቀቱ ላይ። ሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር ደግሞ አንድ ቀን መለያየቱ አይቀርም።

ልጆቹን ቅዳሜ ቀጥሬያቸዋለሁ። 8 ኢንቿንም 11 ኢንቹንም ይዘን ወደ ሽምብጥ እንሄዳለን። የእትዬ ቤት ካለቀ ቆይቷል፤ ግን ቡና እንድንጠጣ ሁልጊዜ ይጠሩናል። ታብሌቶቹን ደጃፋቸው ላይ በ6 ሰዓት ፀሐይ እንፈትናቸዋለን። ደረጃውንም እንዲያዩት እፈልጋለሁ። 21 እርከን ነው። እትዬ አሁን ድጋፉን ሳይዙ ይወጡታል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አርክቴክት፣ ከባሕር ዳር
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይገኛል)